ቆሎ የሚበላው ኮርኒስ

ወገን፣ ዛሬ ጎፋ ልቅሶ ደርሼ ነበር። ያልሳቀብኝ ሰው ሟቿ ብቻ ናቸው።

እሳቸውም ቢሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም!

ሟቿ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ያስጠጉኝ ሴትዮ ናቸው፤ ያስጠጉኝም ያባረሩኝም። እዚህ ፔጅ ላይ የቆያችሁ ታውቋቸዋላችሁ። "ውሻዬን የገደሉብኝ ሴትዮ" እያልኩ ስንት ጊዜ ፖስት አድርጌባቸዋለሁ።

ታዲያ ለምን ሄድክ አትበሉኝ። ቂም ሌላ፣ ልቅሶ ሌላ። ሰው ሲሞት ይደረሳል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ቤት ማከራየት በአዋጅ ስለተከለከለ ሰው የሚገባው በደባልነት ነው፤ ለቀበሌ "የእህቴ ልጅ ነው" ይባልና ያልቃል። እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁኝና እሺ አሉ።

"አንድ ነገር ብቻ። ውሻ አይገባም! ድመትም ዶሮም ብታመጣ ግድ የለኝም። ውሻ ግን በፍጹም!"

ውሻ የለኝም አልኩ። አልዋሸሁም፤ ቡቺን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ የደበደበው ቡችላ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ አየኝ። እኔም አየሁት። በቃ፣ ኮቴ ውስጥ ከትቼ አስገባሁት።

ደግነቱ አይጮህም። ሲያለቃቅስ እኔ እስላለሁ። ማለዳ ዘንቢል ውስጥ አስቀምጬው፣ ላዩ ላይ የተማሪ ደብተር ደርድሬ፣ ሀና ማርያም በኩል ባሕር ዛፉ ድረስ ወስጄ አንሸራሽረዋለሁ። እትዬ ዘነበች ለሳሌ ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ያመጡልኛል። ምን ላድርግ፣ እጠጣዋለሁ! ምሬቱ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ክፍሏ የልጃቸው የደረጀ ነበረች። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እትዬ ጥቁር ለብሰዋል። ያን ጊዜ "ማን ሞተብዎት?" ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ደግ አልነበረም። ሰፈሩ ሞቷል ብሎ ደምድሟል፣ እኔም እንደ ሰፈሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ቡቺ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከአልጋው ሥር ይወጣል። ክፍሉ መሐል ይቀመጣል። አፍንጫውን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ያያል።

ከዚያ ጭራውን ይቆላል!

አያጉረመርምም፣ አይፈራም። የሚያውቀው ሰው እንደመጣለት ጭራው ወለሉን ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ያደርጋል። ሰው በሌለበት ክፍል ይህን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያሰማችሁ።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። የዚያ ዘመን ጭቃ ቤት የኖረ ያውቀዋል፤ ጨርቅ ተወጥሮ ኖራ ይቀባል። አንድ ቀን ቡቺ የሚያየውን ቦታ አብሬው አየሁ። ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ ታች አበጥ አለ። ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና አበጠ።

ይተነፍሳል!

ነፋስ ይሆናል ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ቅጠል አይነቃነቅም። ቡቺ ጭራውን መቁላቱን ቀጥሏል።

እና የሳይንስ አስተማሪው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወንበር ላይ ወጥቶ አየ? የለም። ቆሎ ገዛ!

ለአድባር ይቀመጥ የለ? በሣህን አድርጌ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ አቡጀዲው ጥጉ ላይ ከተተረተረበት ሥር አኖርኩት። ጠዋት ገብሱ የለም። ሽንብራው ግን አንድም ሳይጎድል ሣህኑ ላይ ቀርቷል። አይጥ እንዳትሉኝ፣ እንዲህ መርጦ የሚበላ አይጥ አላየሁም።

ደረጀ ነው አልኩ። ምስኪን፣ ነፍሱ ከክፍሉ መውጣት አቅቷት ነው።

ከዚያ አናግረው ጀመር። በአንቱታ! "ጌታዬ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ ክፉ አላሰብኩብዎትም" ብዬ እጀምራለሁ። ቀን ተማሪዎቼን "መንፈስ የሚባል የለም" እላለሁ፣ ሲመሽ ለአቡጀዲ እጅ እነሳለሁ። የውይይት ክበብ እንቅልፍ እንደሚያመጣብኝ ነገርኩት። የሒሳብ አስተማሪዋን ትርንጎን እንደምወዳት ነገርኩት። ምን ብዬ እንደምጠይቃት የተለማመድኩት እሱ ፊት ነው፣ ያውም በግጥም! ጨርቁ ያብጣል፣ ይመለሳል፤ ቡቺ ከሥር ጭራውን ይቆላል። እየፈራሁም ቢሆን ከሰው ሁሉ ይልቅ እሱን ለምጄው ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት አሰሳ መጣ።

ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ መሪያቸው ጠብመንጃ ይዟል። አልጋዬን ሲያነሱት ቡቺ ተገኘ። አለቀልኝ፣ ተባረርኩ ብዬ እትዬ ዘነበችን አየኋቸው። መቃኑን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን አያዩም። የሚያዩት ውሻውን ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ቡቺ እንደ ልማዱ መሐል ላይ ተቀመጠ። ቀና አለ።

ዱብ። ዱብ። ዱብ።

"ምንድነው የሚያየው?" አለ መሪው። አፈሙዙን ወደ ኮርኒሱ አነሳ።

እኔ አበድኩ! እግሩ ላይ ተደፋሁ። "ጓድ፣ በፈጠረህ አትንካው! ሙት ነው! ይተነፍሳል! ቆሎ ይበላል፣ ሽንብራ ግን አይወድም!"

አንደኛው ሳቀ። "አንተ ሳይንስ አይደል እንዴ የምታስተምረው?"

"ነው!" አልኩና አለቀስኩ። ንፍጤ ሁሉ ወረደ።

መሪው በአፈሙዙ ጨርቁን ነካ አደረገው። አቧራ ፊቱ ላይ ወረደ። ቡቺ ጭራውን ይበልጥ አፈጠነው። ሰውየው እኔን አየ፣ ውሻውን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ፣ ድሮ ማተብ ያስርበት ወደነበረው ቦታ።

"እንሂድ። እብድ ነው" አለ። ጀርባውን ለክፍሉ ሳይሰጥ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ ውሻ አይገባም ብዬህ ነበር። ዛሬውኑ ልቀቅልኝ።"

ቡቺን ጠራሁት። ቀና እንዳለ ቀረ፣ አልመጣም።

"ተወው፣ የእሱን ነገር እኔ አውቃለሁ" አሉ።

ያኔ ውሻ በመርዝ ነበር የሚጠፋው። የገባኝ መሰለኝ። እስከ ጎፋ እያለቀስኩ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ ክፍለ ሀገር ተመደብኩ፤ ያንን ደጃፍ ዳግም አልረገጥኩም። ቂሜን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳልረሳ ስመግበው ኖርኩ።

እና ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮዬን እበላለሁ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ገባ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ።

ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የፎቶው ልጅ ነው! ሙት ይሸብታል እንዴ?

ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ አለና እጅ ነሣኝ።

"ጌታዬ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ ክፉ አላሰብኩብዎትም።"

ይህን ቃል የምናውቀው እኔና ኮርኒሱ ብቻ ነን!

ደረጀ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከአቡጀዲው በላይ፣ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ በሆዱ ተጋድሞ ነበር፤ ጨርቁን የሚያሳብጠው የእሱ ትንፋሽ ነው። እናቱ በሳሎን በኩል ምግብ ያቀብሉታል። ውሻ የከለከሉት አሽትቶ ያጋልጠዋል ብለው ነው። እኔንስ ለምን አስገቡኝ? "ክፍሉ ባዶ ከሆነ ቀበሌ የራሱን ሰው ያስገባብኛል ብላ ፈራች። አንድ የዋህ ስትፈልግ አንተን አገኘች" አለኝ። የዋህ ያለው ልቅሶ ላይ ስለሆንን ነው።

ሽንብራውስ? "ሲቆረጠም ይሰማላ!"

ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ትርንጎስ እሺ አለችህ?"

ባለቤቴ ትርንጎ አይደለችም። ይህን ስጽፍም አላናገረችኝም።

ግጥሜንም ቃል በቃል ወጣው! ለቀስተኛው በነጠላ አፉን ሸፍኖ ተንፈራፈረ።

ሳቁ ሲበርድ ደረጀ እጄን ያዘ፣ አልለቅም አለ። "ብታውቅ ኖሮ ፊትህ ያስይዘኝ ነበር። የተረፍኩት ከልብህ ስለፈራህ ነው" አለኝ። እኔም አለቀስኩ፣ ዛሬም ንፍጤ ወረደ። በሕይወቴ ሰው ያዳንኩት አንዴ ነው፤ እሱንም ሳላውቅ።

"ቡቺን ግን ምን አድርጓችሁ ገደላችሁት?" አልኩት።

"ማን ገደለው? እዚያው ቤት አርጅቶ ነው የሞተው። እማዬ ከአፏ እየቀነሰች ነበር የምታበላው። እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ሰላም የሚለኝ ያ ጭራ ብቻ ነበር።"

ታዲያ ውሻው ከቀረ እኔ ለምን ተባረርኩ?

ደረጀ እጄን ለቀቀ። "'ውሻው አሰሳ ሲመጣ ጓሮ ይታሰራል፤ የመምህሩን አፍ በምን አስረዋለሁ?' ብላ ነው።"

እትዬ ዘነበች፣ የጻፍኩብዎትን ሁሉ ዛሬ አጥፍቻለሁ። ነፍስዎን ይማር።

ግን ወገን፣ ውሻ አይገባም ከተባለበት ቤት ውሻው ቀርቶ ራሱ የተባረረ ሌላ ደባል አለ?

ስንለያይ ደረጀ እስከ መንገድ ሸኘኝ። "አደራህን፣ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣው" አለኝ።

እሺ ብዬው ነበር። እስቲ አሁን እትዬ ዘነበች ተሳስተዋል የሚል ኮሜንት ላይ ይምጣ!