የጋሼ አንዳርጌ ኮምፒዩተር ጳጉሜን አታውቅም

አንዳንድ ሰው አለ፤ በር አልከፈት ሲለው ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ አንኳኩቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ። ጤነኛ ሰው ማለት እሱ ነው። ሌላው ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነገር ቀርቶበት፣ በሩ ራሱ ለምን እንዳልተከፈተ ሳያውቅ እህል የማይወርድለት ነው። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት አይደለም፤ ባለቤቴን ብትጠይቋት ይህ ጠባይ በትዳር ውስጥ ምን ያህል መከራ እንደሆነ ታጫውታችኋለች። የተበላሸ ሬዲዮ ቤታችን ከገባ፣ እሱ እስኪሠራ ድረስ እኔ አልሠራም።

ሙያዬ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የኮምፒዩተር መምህር ነኝ። የኮምፒዩተር መምህር ማለት በከተማችን ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ ስልኩ የተዘጋበት፣ ቴሌቪዥኑ የደበዘዘበት፣ አንዳንዴም የውኃ ፓምፑ አልነሳ ያለው ሁሉ «መምህር፣ እስቲ አንድ ጊዜ እይልኝ» እያለ ይመጣል። እኔም አላውቅም ማለት አይሆንልኝምና አያለሁ። አንዳንዱ ዕቃ እኔ ካየሁት በኋላ ይብስበታል፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ጋሼ አንዳርጌ በነሐሴ ወር ወደ እኔ የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ተቀምጠው የሰው አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ድንበር የተገፋበት ገበሬ፣ ቀለብ የተከለከለች እናት፣ በውርስ ከወንድሙ የተጣላ ሁሉ መጥቶ ብሶቱን እንደመጣለት ያፈስሳል። እሳቸው ታዲያ አሥር ጣታቸውን የኮምፒዩተራቸው ቁልፎች ላይ አድርገው፣ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ፣ ዓይናቸውን ከባለጉዳዩ ፊት ላይ ሳይነቅሉ ይጽፋሉ። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ አቤቱታውም አልቋል።

እኔ ራሴ ባለውለታቸው ነኝ። ድሮ ገበዝ ማርያም ሳስተምር፣ ባለቤቴ እዚህ እኔ እዚያ ሆነን ስንኖር፣ የዝውውር ማመልከቻዬን የጻፉልኝ ጋሼ አንዳርጌ ናቸው። ጽፈው ሲያነቡልኝ ለዚያ ምስኪን መምህር ከልቤ አዘንኩለት፤ መምህሩ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ ፈርም ስባል ነው። ዝውውሩም ተፈቀደልኝ።

እንግዲህ በሐምሌ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ያገለገለቻቸው ኮምፒዩተር ተቃጠለች። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃቸው ወዲያው ላፕቶፕ ላከችላቸው። አዲስ ላፕቶፕ ነው። አዲስ የምለው ለእኛ ነው እንጂ ሌላ ሰው ሦስት ዓመት ሠርቶበታል። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎ እያለ ጎበኘው፤ ጋሼም ለሁሉም አመስግነው፣ ሰው ሲወጣላቸው ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ወደ እኔ ይዘውት መጡ።

ችግሩ ይህ ነበር። ጋሼ የሚጽፉበት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የጥንት ነው፤ አሁን ሱቁም ሰውየውም የት እንደገቡ የማይታወቅ አንድ ነጋዴ የጫነላቸው። በዚያ ፕሮግራም ፊደሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ዛሬ እኔና እናንተ ከምንጽፍበት ጋር አይገናኝም። አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ያን ፕሮግራም ወይ ፍንክች፣ አልጭንም አለ። እኔም ብልህ መስዬ የዘመኑን መጻፊያ ጫንኩላቸውና ይሞክሩት አልኳቸው። «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ» ብለው ጻፉ። ጣታቸው እንደ ልማዱ ሮጠ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ግን እንኳን ክቡር ፍርድ ቤት እኔም ላነበው አልቻልኩም። 

ከዚያ በአንድ ጣት፣ አቀርቅረው፣ ፊደል በፊደል ይለቅሙ ጀመር። መለማመጃ እንዲሆን እኔ ባለጉዳይ ሆኜ የውሸት ብሶት እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ በሬዬ ተሰረቀ ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳላውቀው ዝም አልኩ። ሰው እንደዚያ አቀርቅሮ ፊደል ሲፈልግ ምን ብዬ ልቀጥል? ጋሼ ቀና ብለው ዝምታዬን አዩና እጃቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። 

«አየህ መምህር፣ ባለጉዳይ ፊቱን ካላየኸው እውነቱን አይነግርህም። ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍቱ ለጥቅምት ሲከፈት እንደ ድሮው መጻፍ ካልሆነልኝ፣ ቦታይቱን እለቃለሁ» አሉኝ። 

ይህን ያሉት ሳያጉረመርሙ ነው፤ ለዚህ ነው የከበደኝ። በውስጤ ደግሞ ያ በሽታዬ ተነሳ። ፕሮግራሙ አዲሱን ዊንዶውስ ካልወደደ፣ የሚወደውን የድሮውን ዊንዶውስ፣ ያን ኤክስፒ የምንለውን፣ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ መጫን ነዋ! አሁን ስነግራችሁ በአንድ ትንፋሽ አለቀ፤ ሥራው ግን እስከ ጳጉሜ ወሰደን።

መጀመሪያ የድሮው ዊንዶውስ ሲዲ ከየት ይምጣ? በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ፤ ሐጂ ኑርዬ ዘንድ። ሐጂ ድሮ ካሴት ይሸጡ ነበር፤ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ የስልክ ቻርጀር፣ ዛሬ በርበሬም ይነግዳሉ። ከእያንዳንዱ ዘመን የተረፈውን ግን አልጣሉም። ከበርበሬ ጆንያ ጀርባ አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡና፣ እኔ እያስነጠስኩ እሳቸው እያገላበጡ፣ ሲዲውን አገኙት። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ዓይናቸው በራ፤ ለካ እሳቸውም የኔው በሽታ አለባቸው። ከሠራ ደውለህ ንገረኝ፣ ካልሠራም ደውል፣ ብለው ሸኙኝ።

ላፕቶፑ ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም። ትምህርት ቤት ወስጄ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። ላፕቶፑ ፍላሹን አላየሁም አለ። ገና ሲነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ ገብቼ፣ የማያውቀውን እንግዳ እንዳያስገባ የሚከለክለውን ጥበቃ አጠፋሁበት፤ አየው። ደስታዬ ግን እስከ ሻይ ሰዓት አልቆየም፤ የድሮው ዊንዶውስ ደግሞ በተራው «በዚህ ማሽን ውስጥ ሃርድ ዲስክ የለም» አለኝ። ሃርድ ዲስኩ እዚያው ነው! በእጄ ዳስሼዋለሁ! አንዱ ሌላውን አላየሁም የሚልበት ይህ ነገር አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ የዛሬ ዲስኮች ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ አዲስ ስለሆነ አሮጌው ዊንዶውስ አይሰማቸውም። እዚያው ማስተካከያ ውስጥ፣ ማንም በማይደርስበት ገጽ ላይ፣ ዲስኩን በድሮው መንገድ ተነጋገር የሚል ምርጫ ነበረች። እሷን ነካሁ። ዊንዶውሱ ተጫነ።

በዚያ ከሰዓት ጋሼ አንዳርጌ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ያ የምታውቁት፣ ኤክስፒ ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴ ኮረብታ ከነሰማዩ ብቅ ሲል፣ ከጅጋ ወደ ማንኩሳ ያለው አገር በመስከረም ይህንኑ ይመስላል አሉ። ማውሱ አይሠራም፤ ድምፅም የለውም፤ ስክሪኑም ተለጥጦ ሁሉ ነገር ወፍሯል። የቁልፍ ሰሌዳው ግን ይሠራል፤ እኛም የፈለግነው እሱን ነው። ገና ሲጫን ቀን ሙላ ስላለኝ፣ ጥንቁቅ ሰው ነኝና፣ ቀኑን ከነዓመቱ አስተካክዬ ሞልቻለሁ። ጋሼ ይህንንም አይተዋል።

ከዚያ የመጻፊያውን ሲዲ አመጡ። ከቤታቸው ካርታ ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ነው። እሱንም ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። ተጫነ። ከፈትኩት። «የተፈቀደው የአገልግሎት ጊዜ አልፏል» አለና ራሱን ዘጋ። 

አጥፍቼ ጫንኩት፤ አልፏል። ዊንዶውሱን ራሱን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት፤ አልፏል። ሲዲውን ጠረጠርኩ፣ ላፕቶፑን ጠረጠርኩ፣ የፍኖተ ሰላምን መብራት ጠረጠርኩ። ነጋዴው ጊዜ የተቆረጠለት ቅጂ እንደሸጠላቸው ገባኝ፤ ግን ጊዜው ካለፈ፣ አሮጌዋ ኮምፒዩተር እስከ ሐምሌ እንዴት ስትሠራ ኖረች? ይህ ጥያቄ ምሳ አስረሳኝ። ጋሼ በሄድኩ ቁጥር በትዕግሥት ይቀበሉኛል፣ ያስቀምጡኛል፣ ከዚያም ሁልጊዜ አንዲት ነገር ይጠይቁኛል፤ መምህር፣ ዛሬ ስንት ቀን ሆነ? እነግራቸዋለሁ። በማግስቱም ይጠይቁኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንኩላቸው። ለባለቤቴም፣ ጋሼ ቀን መርሳት ጀምረዋል፣ እርጅናው ገባ፣ ብዬ ነገርኳት። እንግዲያው ቶሎ ጨርስላቸዋ አለችኝ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ተስፋ ቆረጥኩ። ላፕቶፑን ይዤላቸው ሄጄ፣ አዲሱን መጻፊያ ቢለማመዱ ይሻላል፣ እኔም በየቀኑ እየመጣሁ አስተምርዎታለሁ አልኳቸው። ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ እንደገና ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ትንሽ በስጨት ብዬ ጳጉሜ ሦስት አልኩ። ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ጥግ ዘረጉ። 

«ይችስ ምን ትላለች?» 

የፈረንጆቹን መስከረም፣ ከነፈረንጅ ዓመቱ ትላለች። ኮምፒዩተር በዚህ ነው የሚሠራው ብዬ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። 

«በሥራህ ልግባብህ ብዬ አይደለም። ብቻ የኔይቱ በእኛው ዘመን ነበር እምትሄድ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ፕሮግራሙ አቤቱታው አናት ላይ ቀኑን ራሱ ይጽፋል። ክቡር ፍርድ ቤት ደግሞ የፈረንጅ ቀን አይቀበልም። ስለዚህ ጋሼ ገና ከመጀመሪያው የኮምፒዩተሯን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞሉት። ፈረንጁ ጃንዋሪ የሚለው ለእሳቸው መስከረም ነበር፤ ሠላሳ አንድ ልትል ስትል ወደ ጥቅምት ይገፏታል። ጥቅምት ደግሞ ፌብሯሪ ስለሆነባት በሃያ ስምንት ጨርሻለሁ ትላለች፤ ሁለት ቀን ጎትተው ያቆዩአታል። እንዲህ እየገፉ እየጎተቱ ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ። እሷም ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ ስለምትሄድ፣ ለሌላው ሁሉ ያለፈው ጊዜ ለእሷ ገና አልደረሰም ነበር። እኔ ነኝ በአዲሱ ላይ ቀኑን «አስተካክዬ» ፕሮግራሙን የገደልኩት።

ሕይወቴን ሙሉ የተወለድኩበትን ቀን፣ የደመወዜን ቀን፣ የጾሙን መያዣ በእኛ ስቆጥር ኖሬ፣ ቁልፍ ሰሌዳ ፊት ስቀመጥ ግን ትክክለኛው ቀን የነሱ ብቻ ነው ብዬ ያለ አንዳች ጥርጥር መሙላቴ ገረመኝ፤ አሳፈረኝም። ታዲያ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ አልኳቸው። በየቀኑ ነግሬሃለሁ አሉ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው መምህሩን ተሳስተሃል አይለውም፤ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ይጠይቀዋል። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ይህን መስማት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ለእርጅና መድኃኒት ሳስብላቸው ከረምኩ።

በሉ ብዬ ቀኑን ልሞላ ስል ሌላ ጉድ መጣ፤ ጳጉሜን የት ላስገባት? ኮምፒዩተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ጋሼ ግን አልተደናገጡም፤ በጳጉሜ ሁልጊዜ ነሐሴ ሠላሳ ላይ አቁመው፣ ያቺኑ አንዲት ቀን በየጠዋቱ እየደጋገሙ እንቁጣጣሽን ይጠብቃሉ። ነሐሴ ሠላሳ ብዬ፣ ከነእኛው ዓመተ ምሕረት ሞላሁ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ጋሼ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ፤ እኔን እያዩ፣ ያ በሬ የተሰረቀበት ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ፣ ብለው ጠየቁኝ። ሐጂ ኑርዬ ጋ የደወልኩት ከዚያው ሆኜ ነው።

ነገሩን እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን ታውቁኛላችሁ። ቤቴ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙን ጭኜ ቀኑን ወደፊት እየገፋሁ፣ መቼ እንደሚዘጋ ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ዓመት ቀርቶታል። አውቄ መደበቅ አልቻልኩም። በጥቅምት ፍርድ ቤቱ ሲከፈት፣ ከቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ገባሁና ነገርኳቸው። 

ጋሼ የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። ሳቁ። የአንድ ማሳ ክርክር ይዞ ፍርድ ቤት አሥር ዓመት የተመላለሰ ሰው ስንት አይተዋል፤ አራት ዓመት ለእሳቸው አንድ ቀጠሮ ነው። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ ፊቴን እያዩ፣ አንድም ጊዜ ሳያቀረቅሩ አንድ ነገር ጻፉ፤ አትመውም ሰጡኝ። ጉዳዩ የጊዜ ማራዘሚያ ስለመጠየቅ ይላል። ከሥሩ እንዲህ ይነበባል፦ 

«አመልካች ሰሌዳውን ሳላይ የባለጉዳይን ፊት እያየሁ ስጽፍ የኖርኩ በመሆኔ፣ ዓይኔ የሰው ፊት መለየት እስካላቃተው ድረስ በዚሁ እንድቀጥል ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።»

«ለ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ትተውታል፤ ለማን እንደሚባል አንተ ታውቅ የለ፣ የተማርከው አንተ፣ አሉኝ። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ፊርማው አለ፤ ቀኑም በእኛ ተጽፏል፤ ቴምብር ሳይቀር ተለጥፎበታል። የጠፋው የሚገባበት ቢሮ ብቻ ነው።