ማርታን ከወንዶች ለማራቅ

ሴት ልጅ ከወንድ ተለይታ ካልተማረች አይሆንም የሚል አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? አርባ ምንጭ ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ ማርቆስ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። "ወንዶቹ ልጄን አላስጠና አሏት፤ አዲስ አበባ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ" ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወጁ። እኔንም ልጅቷን እንዳግባባላቸው ጠሩኝ። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው ማርታ ዓሣ እየጠበሰች አዳመጠችን።

"አባዬ፣ የክፍሌ ወንዶች ምን አደረጉኝ?" አለች። "ማጥናት ያቃተኝ እዚሁ ቤት ነው። ደብተር በከፈትኩ ቁጥር አንተ ውኃ ትለኛለህ፣ ወንድሜ ምሳ ይለኛል።"

ጋሽ ማርቆስ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

በማግስቱ ወጥ ቤት የገባው ወንድሟ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው አዳሪ ትምህርት ቤት ካላስገባችሁኝ እያለ የሚያስቸግረው እሱ ሆነ።