የአምባሳደሩ ድንጋይ

መጀመሪያ ያየሁት ተረከዛቸውን ነው። አቶ የሻው ጥቂት ይራመዱና ቆም ብለው መሬቱን በተረከዛቸው ይመታሉ። በር እንዳንኳኳ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው «ይሄም አገር ሆኖ!» ይሉና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ሰው ከቀዬው ወጥቶ የትም ቢሰፍር ከመካከሉ አንድ «በእኛ አገር» ባይ አይጠፋም። ጎጆው ሳይከደን፣ ጉድጓዱ ሳይቆፈር እሱ ቀድሞ ይገኛል። በ1978 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መሠረተ ትምህርት ላስተምር አሶሳ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ተመደብኩ። እዚያ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት አቶ የሻው ነበሩ። የሾማቸው የለም። እኛ ግን «ክቡር የወሎ አምባሳደር» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ሹመቱን አልመለሱም።

ክቡርነታቸው የማይነቅፉት ነገር አልነበረም። ዝናብ ጠፍቶ፣ ከብታቸው አልቆ፣ በጭነት መኪና ተጭነው የመጡ ሰው፣ እዚህ ዶፉ ሲወርድ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ይሄ ዝናብ ነው? ማቆም እንኳ አያውቅበት! በእኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ተለምኖ ነው፤ ሲሄድም ተሰናብቶ» ይላሉ።

«ታዲያ ባለፈው ምነው ሳይሰናበታችሁ ቀረ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንተ የኔታ» አሉኝ። ጢም ያላወጣሁትን ልጅ ለማብሸቅ ነው የኔታ የሚሉኝ። «ያኮረፈ ዘመድ ተሰናብቶ ያውቃል?»

ከጎረቤት መንደር አንድ የአገሬው የበርታ ሽማግሌ፣ ኻሚስ፣ ማንጎ ይዘውላቸው ይመጣሉ። አምባሳደሩ «የእኛ አገር ሾላ ይበልጠዋል» እያሉ ፍሬው እስኪነጣ ይግጡታል። ኻሚስ በሳቅ ይንከተከታሉ። «የሻው፣ አፍህ አይወድም፤ ሆድህ ይወዳል!»

ከሁሉ የሚቆጩት ግን ለድንጋይ ነበር። «እዚህ አገር ሰው ቢናደድ ምን አንስቶ ይወረውራል? በእኛ አገር ሳይዘሩት የሚበቅለው ድንጋይ ነው!» ድንጋይ የሚናፍቅ ሰው አይቶ የሚያውቅ ስላልነበረ መንደሩ ሁሉ ይስቅ ነበር።

የነገሩን ሥር የነገሩኝ ኻሚስ ናቸው። «አትሳቅ» አሉኝ። «መስኪን ነው። ሚስቱ ሞተ፤ ወባ ነው። ድንጋይ የለም፤ እንጨት ተከለ። እንጨት ምስጥ በላ። ሳር መጣ። ቀብር ጠፋ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አገኘሁሽ የሞቱት ገና በመጡ በወራቸው፣ በክረምቱ መካከል ነው። በወሎ መቃብር ላይ ድንጋይ ይከመራል፤ ጅቡም አይደፍረው፣ ዘመድም አይስተው። አቶ የሻው ምስጥ ባለበት አገር ኖረው አያውቁምና ካስማ ተከሉ። ክረምቱ ሲወጣ ካስማው ወደ አፈር ተመልሶ፣ ሳሩ ከሰው ቁመት በልጦ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ ነው መሬቱን ማንኳኳት የጀመሩት። መቃብሯን ሲያገኙ የሚጭኑባት አንድ ድንጋይ አስቀድመው ለማግኘት።

ጥር ላይ የአካባቢው ሰው እንደ ልማዱ ሳሩን አቃጠለ። ሜዳው በአንድ ቀን ጠቆረ። በማግስቱ አምባሳደሩ ማልደው ፍለጋ ወጡ፤ ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው አመድ ለብሰው ይሮጡ ነበር።

«ድንጋይ! የኔታ፣ ድንጋይ!»

ከኻሚስ ጋር ተከተልናቸው። ከሜዳው ከፍ ካለች ስፍራ ላይ፣ ለቅሶ እንደተቀመጡ ሰዎች፣ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንዳንዱ ቀጥ ብሏል፤ አንዳንዱ ጎረቤቱን ተደግፏል፤ አንዱም ወድቋል። በመካከላቸው ዝቅ ያለ ጉብታ አለ። አንዱን ስነካው የእሳቱ ሙቀት አልለቀቀውም፤ የሰው ገላ የነካሁ መሰለኝና እጄን ሰበሰብኩ።

«ልጅ ሆኜ፣ አያት ድንጋይ አለ ይላል» አሉ ኻሚስ። «ተረት መስሎኝ። ወላሂ፣ ሳር ውጦት ነው!»

«የማን ነው?» አልኩ።

«አይታወቅም። ከአባት አባትም በፊት ነው።»

አቶ የሻው እየዞሩ ሁሉንም ዳሰሱ። «መቃብር ነው» አሉ። ከዚያ በሩቅ ወደሚታየው ኮረብታ አሻቅበው አዩ። «እዚህ ድንጋይ የለም። ከዚያ እዚህ ድረስ ተሸክመውለት ነው።» ቀጥሎ «በእኛ አገር» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም።

ጎንበስ ብለው የወደቀውን፣ ትንሹን ድንጋይ አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ውሰድ» አሉ ኻሚስ። «ባለቤት የለም። ማን ይከለክላል?»

አቶ የሻው ዞሩ። ሜዳው በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ቆሙ።

«የት ላስቀምጥላት?»

ድንጋዩን እንዳቀፉ ወደ ክቡ ተመለሱ፤ በቀድሞ ጉድጓዱ አቁመው፣ አመዱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለት።

«ከሙት ወስጄ ብሰጣትም አትቀበለኝም» አሉ። «አገኘሁሽ የሰው ዕቃ አትነካም ነበር።» ከዚያ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በዓይናቸው ለኩ። «አያ ኻሚስ፣ እዚህች መሀል ላይ አንድ ከኮረብታው አምጥቼ ባቆምላት፣ ይቆጡ ይሆን?»

«ማን?»

«ባለቤቶቹ።»

ኻሚስ አሰቡበት። «ይህን ያህል ዘመን ሰው አልመጣም። እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለዋል እንጂ።»

አቶ የሻው ወገባቸውን በገመድ አሰሩ።

«ጋሽ የሻው፣ አብሬዎት ልሂድ?»

«ተው የኔታ። በእኛ አገር የሚስትን ድንጋይ ባል ነው የሚሸከመው።»

እንዲህ ያለ ደንብ ወሎ ውስጥ እንደሌለ በኋላ የአገራቸው ሰዎች ነገሩኝ። ክቡር አምባሳደር እዚያው፣ ዓይናችን እያየ ነው የደነገጉት። ያን ዕለት ግን አመንኳቸው፤ ዛሬም አምናለሁ።

ወደ ኮረብታው ሄዱ። አመዱ ከእግራቸው ሥር ቡን ይላል። መሬቱን አንድም ጊዜ በተረከዛቸው አልመቱም። ሰው ከተኛበት ቤት እንደሚወጣ ሰው፣ በጣቶቻቸው እየረገጡ፣ ቀስ ብለው ራቁ።