የይታይሽ ኩርፊያ በሳይንስ ዓይን

ያን ጊዜ ዘመኑ የግምገማ ነበር። ሰው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሌላውን ሳይገመግም፣ ራሱም ሳይገመገም ወደ ቤቱ አይገባም። በዚያ ላይ የሥነ ልቦና ትምህርት ሲጨመርበት ምን እንደሚፈጠር እናንተው ገምቱት።

እኔ ፍኖተ ሰላም መምህር ነበርኩ። የክረምት ኮርሴን ጨርሼ ስመለስ፣ ከሻንጣዬ ይልቅ የከበደኝ የተማርኩት ቃል ነው፤ ድባቴ፣ የበታችነት ስሜት፣ የተዳፈነ ንዴት፣ ክህደት። አዲስ ቃል ደግሞ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ቤት አያስቀምጥም። ከመናኸሪያ የወሰደኝ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ሲገርፍ አይቼ፣ «የበታችነት ስሜትህን እየተወጣህበት ነው» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔስ ዳገቱን ልወጣበት ነበር» አለኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ይታይሽ አኩርፋ ጠበቀችኝ። የእግር ውኃ አቀረበች፣ ራት አቀረበች፤ ቃል ግን አላቀረበችም። ሌላ ባል ቢሆን «ምን ሆንሽ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ፤ ደብተር ገዛሁ። «ሰኞ፦ በሩን በኃይል ዘጋች። የተዳፈነ ንዴት። ማክሰኞ፦ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። የባሰ የተዳፈነ ንዴት።» እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዐርብ ደረስኩና ምልክቱን ሁሉ ደምሬ፣ «አንቺ ክህደት ውስጥ ነሽ» አልኳት።

ክህደት! ጎጃም ውስጥ! ወር በገባ ቁጥር ማርያምን ለምትዘክር ሴት!

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማግስቱ የንስሐ አባታችን መምሬ አያሌው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

«ልጄ፣ ይህችን ሴት ምን ክዳ አገኘኻት?»

«ሃይማኖቷን አይደለም አባቴ፣ ስሜቷን ነው። በትምህርቱ ክህደት ማለት፣ ሰው የደረሰበትን ነገር አልደረሰብኝም ሲል ነው።»

መምሬ የቅኔ ሰው ናቸውና ቃሉን በሆዳቸው አገላበጡት። «ደግ፣ ሰምና ወርቅ አለው። ለመሆኑ ኩርፊያን ምን ይለዋል መጽሐፍህ?»

ገለጥኩ። ፍርሃት አለ፣ ቅናት አለ፣ ጭንቀት ሦስት ገጽ ሙሉ አለ። ኩርፊያ የለም።

«እንግዲያው መጽሐፍህ ቤትህን አያውቀውም» አሉ። «ቡሬ የነበሩት አክስቷስ ምኗ ነበሩ?»

እናቷ ስትሞት ያሳደጓት ናቸው። ሐምሌ ላይ ዐረፉ። መርዶው ሲደርሰኝ ፈተና ላይ ስለነበርኩ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብዬ በሰው ላክሁ። ከዚያ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ረሳሁት። ስለ ሐዘን ደረጃዎች ተፈትኜ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው፣ የሐዘኑን ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም።

«ነገ ቡሬ ሄደህ ታለቅሳለህ» ብለው ፈረዱ መምሬ።

«አባቴ፣ ሁለት ወር ሊሆነው ነው እኮ። ድንኳኑ ተነቅሏል።»

«ዓይንህስ ተነቅሏል?»

በነጋው አውቶቡስ ተሳፈርን። ይታይሽ ከጎኔ ተቀምጣ በመስኮቱ የውጭውን ታያለች። ቡሬ ደርሰን ከግቢው ስንገባ፣ እንደ ወጉ ጩኸቴን ለቀቅሁት። ቤተ ዘመዶቹ ዛላ በርበሬ ዘርግተው እየቀነጠሱ ነበር። ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ደንግጠው ተነሡና እነሱም ያለቅሱ ጀመር። ጎረቤት ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«እኛም አላወቅን። እኒህ የፍኖተ ሰላሙ መምህር ናቸው የሚያውቁት።»

«አክስቷ ናቸው» ልል ስል፣ ሠርጋችን ዕለት አክስትየዋ እጄን ጨብጠው፣ «ይህችን ልጅ ብቻዋን እንዳታስለቅስብኝ» ያሉኝ ድንገት ትዝ አለኝና በርበሬው መሐል ተደፋሁ። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት የወጉን አልነበረም። አንዲት አሮጊት «ጸና በል ልጄ» እያሉ ያባብሉኛል፣ እኔ ዓይኔን በእጄ አሻለሁ፣ እጄ ደግሞ በርበሬ ነው፤ ለቅሶዬ በረታ።

ይታይሽ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከተመለስኩ ጀምሮ ለእኔ አንድም ቃል ያልወጣው አፏም ተከፈተ።

«በቃ፣ አታብዛው» አለችኝ፤ «የሰው በርበሬ አራስክ።»