ክቡር ሰማችሁወይ እና የአዝራር ጣሳቸው

ወረፋ ባለበት ሁሉ አንድ መዓት ነጋሪ አይጠፋም። ዳቦ ቤት ቢሰለፉ «ዱቄቱ አልቋል» ይላል፤ አውቶቡስ ቢጠብቁ «የመጨረሻው አልፏል» ይላል። ሞት ራሱ ወረፋ ቢያስይዝ፣ ከፊት ቆሞ «ዛሬ አይቀበሉም» የሚለን እሱ ነው።

የእኛ ወረፋ ግን የዳቦ አይደለም። ከጤና ጣቢያው ኮሪደር መጨረሻ፣ ሰባት ቁጥር በር ላይ፣ መንግሥት በነፃ የሚሰጠንን የኤችአይቪ መድኃኒት በየሦስት ወሩ የምንወስድበት ነው። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁሉ ቀድመው የሚሰየሙት ክቡር ሰማችሁወይ ናቸው። በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በማዕረጋቸው የመዓት ሚኒስትር። ስሙን ያወጣንላቸው አፋቸውን የሚከፍቱት ሁልጊዜ በአንድ ነገር ስለሆነ ነው።

«ሰማችሁ ወይ? በጀቱ አልቋል።»

በሩ ቀለም ሲቀባ «ሊዘጉት ነው የሚያሳምሩት፤ ሬሳም ይታጠባል» አሉ። የብልቃጡ ክዳን ከነጭ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ «የመጨረሻው ጭነት ነው» አሉ። መድኃኒቱን የምታድለን ሲስተር ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ የወጣች ጊዜማ ሁለት ሴቶችን አስለቀሱ።

«ኧረ ምላስዎን ይቁረጠው!» ትላቸዋለች አጠገባቸው የምትቀመጠው አትክልት ቸርቻሪ።

«ምላሴ ቢቆረጥ መድኃኒቱ ይመጣል?»

ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሞት የተጻፈውን ሳነብና ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ቤቴ ስገባ ግን በሩን ቆልፌ ብልቃጡን አንቀጫቅጨዋለሁ። ድምፁ ሞላ ያለ እንደሆነ እተነፍሳለሁ። ሳሳ ያለ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ፍልስፍና አንዲት ክኒን አያህልም። በማግስቱ ስፌት ቤታቸው ሄጄ፣ «እውነት ያቆሙብን ይመስልዎታል? ቢያቆሙ እኔ ምን እሆናለሁ?» እላቸዋለሁ። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያዩኛል። ከዚያ ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ።

ባለፈው ቀጠሮ ሲስተር ለሁላችንም የሦስት ወር ሳይሆን የአንድ ወር ብቻ ሰጠችን። «ጭነቱ ዘግይቶ ነው፤ ይመጣል» አለች። ሁላችንም ወደ ክቡርነታቸው ዞርን። ትንቢታቸው ደርሷል፤ ይፎክሩ እንጂ! እሳቸው ግን ጫማቸውን እያዩ ዝም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። መዓት ነጋሪ ዝም ካለ ምን ቀረ?

ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ክንዴን ያዙ። «ጋሼ፣ አብረውኝ ይግቡ» አሉ።

«የደም ውጤትዎ ጥሩ አይደለም» አለቻቸው ሲስተር። «የቫይረሱ መጠን ጨምሯል። መድኃኒቱን ይውጣሉ?»

«ብልቃጤን ባዶውን አይደል የማመጣው?»

«ባዶነቱንማ አይቻለሁ። የጠየቅኩት ሆድዎ ስለመግባቱ ነው።»

ክቡርነታቸው ከኮታቸው ኪስ አንድ የአዝራር ጣሳ አወጡ። ሲከፈት አዝራር የለበትም፤ ክኒን ነው፣ እስከ አፉ። ሁለት ቀን ውጠው ሦስተኛውን ቀን እየዘለሉ ለክፉ ቀን ያኖሩት።

«ራስዎን እየገደሉ ነው የሚቆጥቡት?» ጮኸች።

«ለእኔ አይደለም» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «እኚህ ሽማግሌ በመጡ ቁጥር ‹ቢያቆሙ ምን እሆናለሁ?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ለሳቸው ነው ያስቀመጥኩት።»

የሚያስፈሩኝ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ እኔ ነበርኩ የማስፈራቸው። ፍርሃቴን እሳቸው ዘንድ አራግፌ ቀልሎኝ ስመለስ፣ እሳቸው በሥጋቸው ተሸክመውት ኖረዋል።

ሲስተር ጣሳውን ወረሰች፤ በየቀኑ በምስክር ፊት እንዲውጡም አዘዘች። ምስክሩ እኔ ሆንኩ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ይደውሉልኛል። እኔ በቤቴ፣ እሳቸው በስፌት ቤታቸው፣ እኩል እንውጣለን። ውሃው በጉሮሯቸው ሲወርድ ይሰማኛል።

ጭነቱ ገና አልመጣም። ብልቃጤ ውስጥ ዘጠኝ ቀርተዋል። ዛሬ ሁለት ሰዓት አለፈ። አምስት ደቂቃ። ዐሥር። ብርጭቆዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ እንግዳው ነገር፣ ብልቃጡን ዞሬ እንኳ አላየሁትም። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር።

ጮኸ።

«ሰማችሁ ወይ?» ብቻዬን መሆኔን ያውቃሉ፤ ልማድ ነው። «የቧንቧው ውሃ ጠፍቷል። ከእንግዲህም የሚመጣ አይመስለኝ—»

«ሰምቻለሁ!» አልኩ፣ ማዕረጉን ሁሉ ረስቼ። «በምራቅህም ቢሆን ዋጥ!»