ክቡር ሰሌዳ እና የቧንቧዋ እትዬ

በየትኛውም ከተማ፣ ጠዋት ጠዋት የመታሰቢያ ሰሌዳ በእጅጌው የሚወለውል አንድ ሰው አይጠፋም። ማዘጋጃ ቤት አልቀጠረው፣ ሟች አልተናዘዘለት። የእኛው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የእብነ በረድ ሰሌዳ ጠጋ ይሉና፣ እፍ ብለው፣ በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው፣ እንደ አዲስ ያነቡታል። ሰፈርተኛው «ክቡር ሰሌዳ» ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው ሰሌዳው በሚለው አይረኩም። እብነ በረዱ «እዚህ ቤት አንድ ሐኪም ኖሯል» ካለ፣ እሳቸው ሐኪሙ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚወድ፣ ከየትኛዋ ጎረቤት ጋር እንደተኳረፈ ይጨምሩበታል። መንገደኛ ቆም ካለ መቀሱን እንደያዙ እየሮጡ ይወጣሉ። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ፣ ፎጣ እንደለበሰ መንገድ ዳር ስለ ሐኪሙ ሲማር በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ ኧረ ሚዜዎቼ እየጠበቁኝ ነው!»

«ሚዜ ይጠብቃል፤ ታሪክ አይጠብቅም!»

ማዘጋጃ ቤቱ በሰፈራችን አንድ አዲስ ሰሌዳ ሊያቆም መሆኑ ሲሰማ ክቡርነታቸው እንቅልፍ አጡ። ሰሌዳውን የሚፈልጉት ለቧንቧዋ እትዬ ነው። እትዬ፣ ውሃ በየቤቱ ሳይገባ፣ የሰፈሩን የጋራ ቧንቧ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ከሞቱ ቆይተዋል። ቧንቧውም ተነቅሏል። የቀረው ግድግዳው ላይ ያለ የዝገት ምልክት ነው፤ እሱም ቀለም ሊቀባ ነው።

«ዘንድሮ ካልተጻፈላቸው፣ እኔ ስሞት እሳቸው ሁለተኛ ይሞታሉ» አሉኝ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ፊት አብረን ቀረብን።

ችግሩ ምላሳቸው ነው። እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። እትዬ አንድ ሚኒስትር ከነአጃቢው ወረፋ አስይዘዋል። እትዬ የነኩት ውሃ ትኩሳት ያበርዳል። ከጎናቸው ሆኜ ኮታቸውን እጎትታለሁ፤ ማን ሊሰማኝ!

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ማን አየ?»

«ሰፈሩ በሙሉ!»

«ሰፈሩን ይተዉት። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን አንድ ነገር ይንገሩን። ካልሆነ ፋይሉን እንዘጋዋለን።»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሹ ጀመር። እኔ በልቤ አበቃልን አልኩ።

ከዚያ፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «እናቴ ታማ ተኝታ ነበር» አሉ። «ልጅ ነበርኩ። ጀሪካኑን ሞላሁትና ማንሳት አቃተኝ። እትዬ ቧንቧውን ዘጉት። ሰልፈኛውን ‹አንዴ ጠብቁኝ› አሉና፣ ጀሪካኑን ተሸክመው እስከ ቤታችን መጡ። ገብተው እናቴን ፊቷን አጠቡልኝ። ስንመለስ ሰልፉ እንዳለ ነው፤ ማንም አልተቆጣም። ሌላ የማውቀው የለም።»

ሰብሳቢዋ ሲፈርሙ ቀና አላሉም።

ሰሌዳው አሁን ከዝገቱ ምልክት በላይ ተሰቅሏል። ትናንት ሁለት ተማሪዎች ቆመው ሲያነቡት፣ ክቡርነታቸው ብቅ ብለው ሚኒስትሩን እንደገና ወረፋ አስያዙት። የምሄድበት ነበረኝ፤ ግን ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው ፊታቸው በራ።

«ጻፊ እንጂ ልጄ! ሙሽራውንም ጻፊ፣ ሚኒስትሩንም ጻፊ፣ ከፈለግሽ ቀጣፊ በይኝ። አንድ ነገር ብቻ ተዪልኝ፤ ኮሚቴው ፊት ዝም ማለቴን።»