የሊቀ ግድግዳ ዋጋሪ «ቶሌ»

ነቀምቴ እንዲህ ይወራ ነበር፦ ቀለም ቀቢው ዋጋሪ ቀለም አይለይም። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም ለእሱ አመድ ነው። በዚያ ላይ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ አርባ ጣሳ ቀለም ትቶለት ሄዷል፤ አርባውም አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋሪ እሱን ሳይጨርስ ላይሞት ምሏል።

ወሬው ይጣፍጣል፤ ሒሳቡ ግን አይሞላም። ሰውየው የከተማውን ግማሽ ሳሎን ጨርሶ እስከ ቢላ ከተማ ዘልቋል። አርባ ጣሳ ይቅርና ፈረንጁ የተሳፈረበት መርከብ ራሱ ቀለም ቢሆን ገና ድሮ አልቆ ነበር።

ደግሞስ አንድ ዋጋሪ የሌለበት ከተማ የት ነው? ልብስ ሰፊ ይሆናል፣ አናጢ ይሆናል። የምትፈልጉትን ትነግሩታላችሁ፤ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማችኋል፤ ከዚያ የራሱን ሠርቶ ያስረክባችኋል። የነቀምቴው ሊቀ ግድግዳ ይህን ሁሉ የሚያከናውነው በአንዲት የኦሮምኛ ቃል ነው፦ «ቶሌ!» ቶሌ ለሌላው ሰው «እሺ» ነው። በዋጋሪ አፍ ግን «ሰምቻለሁ» ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ መሸሻ ለማዕረጋቸው የሚመጥን አረንጓዴ ሳሎን አዘዙ። «ቶሌ!» ማታ ሲመለሱ ያ ቀለም ጠበቃቸው። ቡኒ እንዳይሉት አመድነት አለው፤ አመድ እንዳይሉት ይሞቃል። ኦሮሞው የበሬ ቀለም ነው ብሎ «ዳለቻ» አለው፤ ጎጃሜው «ቡላ» አለው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ግን ዋጋሪ የሚበጠብጥበትን ጣሳ አገላብጠው በላዩ የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ ለቀሙና «ታውፔ!» ብለው አወጁ። ፈረንጆቹ ራሳቸው «ቶፕ» እንደሚሉት የነገራቸው ስላልነበረ ከተማው በታውፔ ጸና። አቶ መሸሻ አንድ ሳምንት ተቆጡ። በሁለተኛው ሳምንት እንግዳ መጥራት አበዙ።

ወይዘሮ ዘርፈሽ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ዋጋሪን ያስጠራችው ተጠንቅቃ ነው። በመጪው እሑድ ልጇን ደራርቱን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከጊምቢ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ደራርቱ የጊምቢውን ልጅ ወዳዋለች፤ ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ቤት አይቶ ሰው የሚመዝን ነው ይባላል።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ የምፈልገው ሰማያዊ ነው።»

«ቶሌ!»

«ቶሌውን ይተዉትና ሰማያዊ ይበሉ።»

«ሰማያዊ።»

«እንደ ሰማይ።»

«እንደ የትኛው? የክረምቱ ሰማይ የእኔው ቀለም ነው።»

«አይቀልዱብኝ! ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ፤ ወንድም የለኝ። ከሽማግሌ ፊት ማን ይናገርልኛል? ግድግዳው እንኳ ይናገርልኝ እንጂ!»

ዋጋሪ ብሩሹን አስቀመጠ። «አዴ ዘርፈሽ፣ ጎረቤትሽ አሰፋች ቀቢ ከአዲስ አበባ አስመጥታ ሳሎኗን ሮዝ አስቀብታ አልነበር? ሽማግሌዎቹ ስለ ሮዙ ሲያወሩ ውለው ልጅቱን ሳይጠይቁ ሄዱ። ግድግዳ ሲናገር ሰው ዝም ይላል።»

«የአሰፋችን ይተዉት። ሰማያዊ!»

«ቶሌ!»

ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ ሰማይዋ ክረምት ገብቶበት ጠበቃት። ታውፔ፤ ከጥግ እስከ ጥግ።

«ልጄን አስቀሩብኝ!» አለች ዘርፈሽ፣ ዘንቢሏን እንደያዘች።

ዋጋሪ የጃንሆይን ፎቶግራፍ ወደ ቦታው እየመለሰ፣ «እሑድ ከከፋሽ ሰኞ መጥቼ ሰማያዊ አደርገዋለሁ» አላት።

እሑድ አራት ሽማግሌዎች እንደ ወጉ እርጥብ ሳር ይዘው ገቡ። ዘርፈሽ አንገቷን ደፍታ፣ «ይሄ ምን ዓይነት ግድግዳ ነው?» እስኪሏት ጠበቀች። ያለ የለም። ግድግዳውን ያየውም የለም። በዚያ ጸጥ ባለ ቀለም ፊት ሳሩ አሁን የታጨደ መስሎ ለመለመ፤ የዘርፈሽ ነጭ ቀሚስ በራ። ዓይን ሌላ ማረፊያ አጥቶ እሷ ላይ አረፈ።

«ስለ ልጅቱ የሚናገርልን ማን ነው?» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

ዘርፈሽ ዞር ብላ ግድግዳውን አየችው። እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል።

«እኔው ነኝ» አለች።

ከዚያ ተናገረች። አራት ዓመት የተጠራቀመ ንግግር ነበር። ልጇን ብቻዋን እንዴት እንዳስተማረች ተናገረች፤ ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ እንደማትድራት ተናገረች፤ ልጅቱ ጊምቢ ገብታ ብትከፋ በእግሯም ቢሆን ሄዳ እንደምታመጣት ተናገረች። ሽማግሌው ብርዙን ጠጥቶ ጨረሰና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እኔ እናቲቱን ለራሳችን ጉዳይ ሽማግሌ አድርገን ብንወስዳት እላለሁ።» ሳቁ፤ ሳሩንም የስምምነት ምልክት አድርገው አኖሩ። ነገሩ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ዋጋሪ በቃሉ መሠረት ብሩሹን ይዞ መጣ። ዘርፈሽ ብሩሹን ከእጁ ተቀብላ በምትኩ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን ሞልታ ሰጠችው። አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲበላ ካየችው በኋላ አላስችላት አለ።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ዓይንዎ ቀለም አይለይም ይላሉ እኮ። ፈረንጅ የተወልዎትን አንድ ቀለም ነው የሚቀቡት ይላሉ።»

ዋጋሪ ተረጋግቶ አላመጠ፤ ዋጠ።

«ውሸት ነው። ፈረንጅ የሚባል ወዳጅ የለኝም፤ ጣሳዋን ከገበያ የገዛኋት ባዶዋን ነው። ቀለሙን ከኖራ፣ ከቀይ አፈርና ከጥላሸት የማዋህደው እኔው ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው፦ የቀሚስሽን ጥለት ጫፉ ላይ ጠግነሽዋል፤ አዲሱ ቀይ ከድሮው ቀይ ጋር አይዋደድም።»

ዘርፈሽ ጫፉን በእጇ ሸፈነችው። ስትጠግነው ያየ ሰው አልነበረም።

«እሺ፣ አንድ ቀለም መሆኑስ? ከተማውን ሙሉ…»

«አንድ ቀለም?» አለ ዋጋሪ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «የመሸሻ ሚስት ቀይ ናት፤ ለእሷ ጥላሸት ጨመርኩ። የቢላው ነጋዴ ጥቁር ነው፤ ለእሱ ኖራ አበዛሁ። አንቺና ደራርቱ ጠይም ናችሁ፤ እዚህ ያለውን ቀይ አፈር ከማንም ግድግዳ ላይ አታገኚውም። እኔ ዋጋሪ አንድ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብቼ አላውቅም!»